ከሌላ ክልል የመጣ ካሴት

ባለፈው ሳምንት የስልኬ መሰኪያ ላልቶ ቻርጅ አልይዝ አለኝና ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ካለች አንዲት የሞባይል መጠገኛ ገባሁ። ጠጋኙ ወጣት ስልኬን ከፍቶ የጋለውን መበየጃ ሊዱ ላይ፣ የሚቀልጠው የብየዳ ሽቦ ላይ ሲያሳርፈው ቀጭን ጭስ ብን አለች። ሙጫ ሙጫ የምትል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጋ ጉሮሮ ላይ የምትቀመጥ ጭስ ናት። "ራቅ ይበሉ፣ ለጤና ጥሩ አይደለም" አለኝ። እኔ ጭራሽ ተጠጋሁ። ልጁ ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ ምን ብዬ ላስረዳው?

ስልኬን ተቀብዬ ስወጣ በልጅነቴ ሬዲዮ የምናስጠግንባት የጋሽ ከድር ሱቅ የት ጋ እንደነበረች ልፈልግ ብዬ ወደ ላይ አቀናሁ። የለችም። ሱቋ ብቻ ሳትሆን ሱቋ የተደገፈችው ግድግዳም የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሚመስል አግዳሚ ወንበር አለ። አጠገቡ ለቆመ የታክሲ ተራ አስከባሪ "እዚህ ጋ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ ታውቃቸዋለህ?" ብለው፣ "እናቴ፣ ሬዲዮ ምን ያደርግልሻል? ስልክሽ ላይ አለልሽ!" አለኝ። አራዳ አሁንም አራዳ ነው። "እናቴ" መባሌ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያን በጋ ማሰብ ጀመርኩ። ሳስበው ደግሞ እንደ ልጅነቴ ግራ ይገባኛል። ትልቅ ሰው ሆኜ ነገሩን ካወቅኩት በኋላ እንኳ፣ ሳስታውሰው የማስታውሰው ያኔ እንደገባኝ አድርጌ ነው፤ ያኔ ደግሞ የገባኝ ነገር የለም።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። አገሩ ሁሉ "ክልል" የምትል አዲስ ቃል ይዞ ነበር። ሬዲዮው ክልል ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ክልል ይባላል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ግቢያችን መጥተው ሲናገሩም ክልል ይላሉ። ክልሎቹ ያኔ በቁጥር ይጠሩ ስለነበር አስተማሪያችን "የምንኖረው ክልል ስንት ነው?" ስትል ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ "አሥራ አራት!" ብሎ ይጮሃል። ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ክልል ማለት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ውቤ በረሃ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ቀበሌ በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎ ነበርና፣ አገሪቱም የኛን ግቢ ትመስለኝ ነበር። አንድ ትልቅ ግቢ፣ በየበሩ ቁጥር፣ መሃል ላይ የጋራ ቧንቧ። እኛ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ነን፤ ሌላው ሰው ደግሞ በየበሩ።

አባዬን የወሰደብን ከእነዚህ በሮች አንዱ ነው።

አባዬ መንገድ ቀያሽ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ "ፊልድ ወጣ" ሲባል ነው የማውቀው፤ ይሄዳል፣ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ መሄዱ አዲስ አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን የመስቀል ማግስት ማታ እራት ላይ ድንገት "ክልል መደቡኝ" አለ።

እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። "ለስንት ጊዜ?"

"እስኪ እናያለን።"

"ምን ማለት ነው እስኪ እናያለን? እኛስ?"

"በየወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። ቤት ሳገኝ ደግሞ እናንተን እወስዳለሁ" አለና ወደ እኔ ዞሮ አገጬን ያዘኝ። "አይደል ሚጣዬ?"

ሚጣ የቤት ስሜ ነው። "ቁጥር ስንት ነው?" አልኩት። የክልሉን ቁጥር ነገረኝ። ያን ቁጥር ስንት ጊዜ ላስታውሰው ሞክሬ አልመጣልኝም። ሌላው ሌላው፣ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የነበረው የወጥ ጠብታ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ሊሄድ ሰሞን የቴሌቪዥን ጌም ይዞልኝ መጣ። ዕቃቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ነው የገዛው። ግራጫ ሣጥን ነው፣ ከፊቱ ክዳን አለው፤ ክዳኑን ገልጠሽ መጽሐፍ የሚያህል ካሴት ታስገቢና ወደ ታች ጫን ታደርጊዋለሽ። አብራው የመጣችው አንድ ካሴት ብቻ ናት፤ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ ይሮጣል። እማዬ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አጣጥፋ፣ "ይሄን ነገር ደግሞ ከየት አመጣህብኝ!" እያለች ቦታ አስለቀቀችለት። ግቢው ሙሉ ልጅ ቤታችን ፈሰሰ። አባዬ እንዴት እንደሚዘለል አሳየኝ፣ ሁለት ጉድጓድ ዘለልኩ፣ በማግስቱ ሄደ።

በጥቅምት መጨረሻ እንዳለው መጣ። ኅዳር ላይ "ሥራ በዛብኝ" ብሎ እማዬ ወደምትሠራበት ኬክ ቤት ደወለ። ለገና ይመጣል ተብሎ አልመጣም። ለጥምቀትም አልመጣም። በሱ ፋንታ ዓረብ አገር ያለችው አክስቴ የላከችልኝ ሁለት የጌም ካሴቶች መጡ።

ካሴቶቹ አልሠሩም። ስናስገባቸው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ቴሌቪዥኑም አብሮት ዓይኑን ይከፍትና ይጨፍናል። አውጥተን ነፋንበት፣ በነጠላ ጫፍ ጠረግነው፣ በጥፊ መታነው፤ ያው ነው። የድሮዋ ካሴት ስትገባ ግን ምንም ሳይል ይሠራል። እማዬ በመጨረሻ ጌሙን በዘንቢል አድርጋ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ወረድን።

ጋሽ ከድር ከወሎ መጥተው ፒያሳ ያረጁ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት የምትጠብ ስትሆን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች ተደርድረውባታል። ራሳቸውን በጣም ይወዳሉ። "ጃፓን የሠራው ሲበላሽ ጃፓን አይደለም የሚጠራው፣ እኔ ነኝ" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር የኛን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ጠግነውት ሦስቱንም ጊዜ አንድ ጣቢያ ቀንሶ ነው የተመለሰው።

ጌሙን በካቻቢቴ ፈትተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

"ይቺ ማሽን ጤነኛ ናት" አሉ። "በሽታው ያለው ካሴቱ ላይ ነው።"

"ካሴቱ እኮ አዲስ ነው ጋሽ ከድር። እህቴ ናት የላከችው።"

"አዲስነቱን ማን ጠየቀሽ? የሌላ ክልል ካሴት ነው። ይቺ ደግሞ ከሌላ ክልል የመጣ አትቀበልም።"

እማዬ ሳቀች፤ ግን ፊቷ አልሳቀም። "እባክዎ ይተዉኝ! እዚህም ክልል?"

"ወላሂ ስልሽ! ፋብሪካው ዓለምን ከፋፍሎ፣ ለዚህ አገር ይሄ፣ ለዚያ አገር ያ ብሎ ነው የሚሠራው። አየሽ ይቺን?" በካቻቢቴያቸው ጫፍ አንዲት ጥቁር ጉንዳን መሳይ ነገር ነኩ፤ በሁለት ጎኗ ብዙ ቀጫጭን እግሮች አሏት። "ዘበኛ ናት። ካሴቱም ውስጥ የራሱ ዘበኛ አለ። ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። ሰላምታቸው ከገጠመ ይገባል። ካልገጠመ ገና ከመግባቱ መልሳ ታስወጣዋለች። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው፣ ግባ ውጣ፣ ግባ ውጣ እያለችው ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እግሯን መቁረጥ።"

"የማንን እግር?" አልኩ እኔ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ሆኜ።

"የዘበኛዋን ነዋ! አራተኛዋን እግር። እሷን ከቆረጥኩልሽ በኋላ ከየትኛውም ክልል ቢመጣ ዝም ብላ ታስገባለች። ከድሬዳዋ አንድ ወዳጄ ነው ምስጢሩን የነገረኝ፤ እዚህ አገር ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።"

እማዬ "እንግዲህ እንዳያበላሹት" ብላ ጌሙን ትታላቸው ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ስለዚያች ዘበኛ አሰብኩ። ቢያንስ አራት እግር አላት። አንዱ ሲቆረጥ ደግሞ ደግ ትሆናለች። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አርፍጄ ስደርስ በሩን ሲዘጉብኝ ዓይኔ እግራቸው ላይ ነበር።

ጌሙ ጋሽ ከድር ዘንድ እንዳለ ነው ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤታችን የመጡት። እትዬ አስካለ የሰው ቤት ነገር የማያልፋቸው፣ ግን ሲቸግር ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። እማዬ ሥራ ላይ ቆማ ስለምትውል፣ እቤት ስትገባ እግሯን በሙቅ ውሃና በጨው ትዘፈዝፋለች። እንደዚያ ተቀምጣ ሳለ እትዬ አስካለ ሽሮ እየነፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሰውዬው እግሩን ቆረጠ በይኛ" አሏት።

እማዬ ውሃውን እያየች "ቆረጠ" አለች።

የምሠራው የቤት ሥራ ነበር፤ እርሳሴ ቆመ። አባዬ እግሩን ቆረጠ! አሁን ሳስበው፣ እግሩን ቆረጠ ማለት ከሰው ቤት መምጣት ተወ ማለት እንደሆነ ለስምንት ዓመት ልጅ ማንም ተቀምጦ አያስረዳም። እኔ የማውቀው የእግር መቁረጥ አንድ ብቻ ነው፣ የጋሽ ከድር። ስለዚህ እንዲህ ገባኝ፦ አባዬ የሄደበት ክልል እንደሱ ያለውን ከሌላ ክልል የመጣ ሰው አልቀበል ብሎ ሲያስገባ ሲያስወጣው ከርሟል። መጨረሻ ላይ እግሩን ቆረጡት፤ አሁን ይሠራል።

ሌሊት ላይ አልቅሻለሁ መሰለኝ። ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም። እግሩ የተቆረጠ ከየትም ይገባል ተብሏል። አባዬ እግሩ ከተቆረጠ ወደ አሥራ አራትም መግባት ይችላል ማለት ነው። ጉዳዩን ማጣራት ነበረብኝና ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ በቀጥታ ወደ ጋሽ ከድር ሮጥኩ።

"ጋሽ ከድር፣ እግሩ የተቆረጠ ነገር ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል?"

ቀና እንኳ ሳይሉ "እግሩ የተቆረጠማ የትም ይገባል! ማን ወንድ ይከለክለዋል!" አሉኝ።

"ያማል?"

"ሊዱ ሲጋል እጄን ያመኛል እንጂ እሱን ምን ያመዋል።"

ቀለል ብሎኝ ወጣሁ። ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት ክራንች ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው አየሁና እስኪሰወር ድረስ በአክብሮት አየሁት፤ ስንት ክልል ገብቶ ይሆን ብዬ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ረመዳን ከኛ ሁዳዴ ጋር የገጠመበት ወቅት ነበር። ጌሙን ልንወስድ ስንሄድ ጋሽ ከድር ፊታቸው ጠቁሮ አገኘናቸው። ማሽኑ ጭራሽ ድምፅ አጥፍቷል። የድሮዋም ካሴት አትሠራም፣ ቀዩ መብራትም የለም።

"መብራቱ ነው፤ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸገረን" አሉ።

"መብራቱ ይኸው አለ አይደል?" አለች እማዬ አምፖሉን እያሳየች።

ማሽኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ "ከየት በኩል ነው የሚቆጠረው?" አሉ።

"ምኑ?"

"እግሯ። አራተኛዋን ቁረጥ አለኝ፣ ከቀኝ ቆጠርኩ። ትላንት ድሬዳዋ ብደውል ከግራ ነው ይለኛል! እኔ ልጅ ሆኜ ቁርአን ስቀራ ያደግኩት ከቀኝ ጀምሬ ነው። ሆዴ ባዶ ሲሆን ደግሞ እጄ የሚሄደው ወደ ልጅነቱ ነው። ታዲያ ያ ሰው ቀኝና ግራውን ቀድሞ አይነግረኝም?"

እማዬ መናደድ ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ከገና ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እሳቸውም ሳቁ፤ በልባቸው ግን አፍረው ነበር። "አትጨነቂ፣ ለተቆረጠው በሽቦ ሰው ሠራሽ እግር አበጅለታለሁ፣ ከዚያ ትክክለኛውን እቆርጣለሁ" አሉ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ያልተገባው እግር ሊቆረጥ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አባዬ ያለበት ክልል ውስጥ ደግሞ ከየት በኩል እንደሚቆጥሩ ማን ያውቃል?

በዚያው ሰሞን እማዬ ፈቃድ ጠይቃ አባዬ ይሠራበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ሄደች። ዝውውር ልትጠይቅለት ነው። "ልጅ አለው፣ ቤት አለው፣ ይመልሱልኝ ብዬ እለምናቸዋለሁ" ብላ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው የሄደችው። ስትመለስ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ ተከትለው ገቡ።

"ምን አሉሽ?"

"ኃላፊው አየኝ፣ አየኝና፣ ‘ባልሽን ጠይቂው’ አለኝ።"

"ምን ማለቱ ነው?"

"እኔ እንጃ እትዬ። እኔ እንጃ።" ከዚያ ድንገት ተቆጣች። "ይምጣ ግድ የለም። እንዲህ በዓመት አንዴ ብቅ እያለ ሊኖር ካሰበ ይሄ ቤት አይቀበለውም!"

አይቀበለውም። ጋሽ ከድር ስለ ማሽኑ የተናገሩት ቃል ነው፣ ያው ራሱ። የኛም ቤት ዘበኛ አለው ማለት ነው። ያን ቀን ከሰዓት ቤቱን ሁሉ ፈለግኩ። ከአልጋ ሥር፣ ከኮመዲኖው ኋላ፣ ከቆጣሪው ሣጥን ላይ፤ እግር ያለው ጥቁር ነገር ከበረሮ በቀር አላገኘሁም። ማታ እማዬ እግሯን ውሃ ውስጥ ስትከት ጠጋ ብዬ ቁጭ አልኩና አየሁ። ሁለት እግር ናቸው፤ ያበጡ፣ ጫማ ጣቶቿን ያጣበቀባቸው። አጠብኩላት። "ምን ነካሽ ዛሬ?" አለችኝ። ምን እንደነካኝ አልነገርኳትም።

ጌሙ ተሠርቶ መጣ። ጋሽ ከድር ራሳቸው ተሸክመው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እንደ ሐኪም ቤታችን ገቡ። የአክስቴን ካሴት አስገቡና ጫን አደረጉት። ቀዩ መብራት በራ። ቀጥ ብሎ በራ፣ አልጠፋም። የግቢው ልጅ ሁሉ ጮኸ። እማዬ አጨበጨበች። እሳቸውም መጫወቻውን ለሙከራ ብለው ተቀብለው፣ አፍጥር ደርሶ ሚስታቸው ሰው እስክትልክባቸው ድረስ አልለቀቁትም።

ነገር ግን የካሴቱ ሙዚቃ ጎተት ይል ነበር። ውስጡ ያሉት ሰዎችም ሲሄዱ ቀርፈፍ፣ ሲዘሉ ዘግየት ይላሉ። "ምን ሆነው ነው?" ብላቸው፣ "የነሱ መብራትና የኛ መብራት ፍጥነቱ አንድ አይደለም። እነሱ ክልል ፈጣን የነበረው እኛ ጋ ሲመጣ ይዘገያል" አሉኝ። ይሄን ሲሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የአባዬ መዘግየት ምክንያቱ ተገኘ። ለገና ተነስቷል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ከሌላ ክልል የሚመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለእማዬ ስነግራት አቅፋኝ ረጅም ጊዜ ቆየች። ያመነችኝ መሰለኝ።

ደግሞም መጣ! የካቲት መጨረሻ አካባቢ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እማዬ ክትፎ መሳይ የጾም ነገር ልሥራ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው። ወፍሯል፤ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት የለም፤ ጫማው ተወልውሏል። እማዬ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ አየችው። እኔ እንደ ሌላ ጊዜ አንገቱ ላይ አልተጠመጠምኩም። ቁጭ ብዬ የሱሪውን እግር ሰበሰብኩ። ቀኙ አለ። ግራውን ሰበሰብኩ፤ አለ። ቆነጠጥኩት።

"ኧረ! ምን ታደርጊያለሽ ሚጣ?"

"እግርህ አለ" አልኩት።

"ታዲያ የት ይሄዳል?"

እማዬ ወደ ማብሰያው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። ሽንኩርቱም ነበር። እኔ በበኩሌ ሒሳቡ ሁሉ ጠፋብኝ። እግሩ ካልተቆረጠ እንዴት ገባ? ቤቱስ እንዴት ተቀበለው? በሩ ላይ እንኳ ማንም ግባ ውጣ አላለውም፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር።

ለምንም ይሁን ለምን መጥቷል፤ ያ በቂዬ ነበር። ዳግመኛ እንዳይሄድ ደግሞ ቤታችን ደስ እንዲለው ማድረግ የኔ ሥራ መሰለኝ። ጌሙን ከፈትኩለት። የአክስቴን ካሴት አስገባሁ፣ መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ።

"እንዴ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከሌላ ክልል ነው። ድሮ አይቀበልም ነበር። ጋሽ ከድር የዘበኛዋን እግር ቆረጡና አሁን የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።"

"የትም ይሠራል?"

"የትም! አንተ ጋም ይሠራል።"

አባዬ መጫወቻውን እንደያዘ ቴሌቪዥኑን አየ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ባይኖርም በአዲሱ ካሴት ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆማ የሚያስዘልላት አጥታ ትጠብቃለች። አባዬ መጫወቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ሚጣዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ልውሰደው? እዚያ አንድ ልጅ አለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።"

አልከፋኝም። እንዴት ይከፋኛል? ከወሰደው መመለስ አለበት፤ ሊመልስ ሲል ራሱም ይመጣል። "ውሰደው!" ብዬ ወዲያው ሽቦውን መጠቅለል ጀመርኩ።

እማዬ የማብሰያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለች።

ስለ ጌሙ የጠየቀች መስሎኝ "ጋሽ ከድር አሮጌ ነው ግን ጤነኛ ነው ብለዋል" ብዬ መለስኩላት። አንዳቸውም አላዩኝም።

"ስድስት" አለ አባዬ ወለሉን እያየ።

"ክልል የመደቡህ ዘንድሮ በመስከረም ነው።"

አባዬ የፈታውን የጫማውን ማሰሪያ መልሶ ማሰር ጀመረ።

"መደቡኝ ነው ያልከኝ። የክት ቀሚሴን ለብሼ መሥሪያ ቤትህ ልለምንልህ ሄጄ፣ ኃላፊው እንዴት እንዳየኝ ታውቃለህ? ለካ ጠይቀህ ነው የሄድከው።"

ስድስት ዓመት ሲባል እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። ከኔ ያንሳል፤ ጥሩ ነው፣ አይሰብረውም ብዬ አሰብኩ። ለሚያንስ ልጅ ደግሞ ማስረዳት ያስፈልጋልና ለአባዬ አንድ በአንድ ነገርኩት፦ ካሴቱን ካስገባ በኋላ ወደ ታች ጫን ያድርገው፣ አይንፋበት፣ ሙዚቃው ቢዘገይ አይናደድ። ጌሙንና ሦስቱንም ካሴቶች ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩ። አባዬ "ይቅር፣ ይቅር ሚጣ፣ ተይው" አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ።

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። መጥታ ዘንቢሉን አነሳች፣ ክብደቱን እንደሚመዝን ሰው ትንሽ ያዘችው፣ ከዚያ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"ውሰድለት" አለችው። "ልጁ ምን አደረገ?"

አባዬ ምሳም ሳይበላ ወጣ። ፈቀደች ብዬ ደስ ብሎኝ ከኋላው ሮጥኩ። ግቢውን አልፈን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ፣ የታክሲ ረዳቶቹ ወደየሰፈሩ ሲጣሩ ከሚሰማበት ጥግ፣ ትዝ አለኝና እጁን ጎተትኩት።

"ልጁ ስሙ ማነው?"

"ዳዊት" አለኝ።

"ዳዊት ማን?"

ትምህርት ቤት ስም የሚጠራው ከነአባት ስም ነውና ስሙ ጎዶሎ ሆኖብኝ ነው የጠየቅኩት። አባዬ ዘንቢሉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ስሞኝ፣ የመጣችውን ታክሲ ወዴት እንደምትሄድ እንኳ ሳይጠይቅ ገባ።

ታክሲዋ እስክትታጠፍ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር። ያልሰማኝ መስሎኝ፣ ቀና ብዬ እየጮህኩ ደግሜ ጠየቅኩት፤ "አባዬ፣ ዳዊት ማን?"